ከ35 ወደ 105፦ የአንድ የደሴ ጀማሪ የብረት ደብተር

ጉዳዩ የአንድ የ23 ዓመት የደሴ ልጅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። ስሙን አልጽፍም፤ የልምምድ ደብተሩን ግን እንዳሳይ ፈቅዶልኛል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ነው። ስንጀምር 58 ኪሎ ይመዝን ነበር። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ ነው የሚውለው። ሥራ ሲበዛበት ምሳ ይዘላል፤ ሥራ ደግሞ ሁሌም ይበዛበታል።

ለጂም አዲስ አልነበረም። ከዓመት በላይ ተመላልሷል። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ ክንድ፣ አርብ እንደገና ደረት። እግርስ ሲባል «እግሬን ኳስ ይሠራዋል» ይላል። ፕሮግራሙን ስልኩ ላይ አይቶ ነው የወሰደው። የፕሮግራሙ ባለቤት ለዓመታት ብረት የገፋ ግዙፍ ሰው ነው። ልጁ ግን ከዓመት በኋላም ያው ነበር። ቤንች ላይ (ተንጋሎ ከደረት ወደ ላይ) የሚገፋት ክብደት ንቅንቅ አላለችም፤ ሸሚዙም አልጠበበውም።

«ጋሼ፣ የኔ ሰውነት ብረት አይቀበልም መሰለኝ» አለኝ። ጋሼ የሚለኝ በዕድሜ ስለምበልጠው ነው። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ እዚያው ጂም ውስጥ ጀማሪዎችን አግዛለሁ፣ በቃ።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩት ልጁ በቆመባቸው ቦታዎች ምክንያት ነው። በተደጋጋሚ ቆሟል። በቆመ ቁጥርም በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ «ፕሮግራም ቀይር» ይለዋል። ደብተሩን ስናገላብጥ ግን ፕሮግራሙ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ።

ሚዛኑ

«ስንት ታነሳለህ?» አልኩት። «ቤንች 60፣ ስኳት 80» አለኝ። እስቲ ስኳቱን፣ ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳቱን፣ አሳየኝ አልኩት። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ተመለሰ። ግማሽ እንኳ አልወረደም።

ቤንቹ 60 የተባለው ደግሞ ባሩ (ክብደት የሚሰካበት ረጅሙ ዘንግ) 20 ኪሎ ነው ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ደረጃውን የጠበቀ የወንዶች ኦሎምፒክ ባር በእርግጥ 20 ኪሎ ነው፤ ርዝመቱም 2 ሜትር ከ20። የኛ ባር ግን ብየዳ ቤት የተሠራች ናት። አጭር ናት፣ ቀጠን ትላለች። ባሯ ላይ የሚሰኩት ፕሌቶችም ከፊሎቹ እዚሁ የተቆረጡ ብረቶች ናቸው፤ ከፊሎቹ ሲሚንቶ የተሞላባቸው ቆርቆሮዎች። ላያቸው ላይ በቀይ ቀለም 10 ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም።

ባሯንና ፕሌቶቹን ባጃጅ ላይ ጭነን ሰኞ ገበያ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄድን።

«ሀጂ፣ ይቺን ብረት ይመዝኑልን?»

«ምንድን ናት?»

«ስፖርት የምንሠራባት ናት።»

«እናንተ ስንት ናት ትላላችሁ?»

«20።»

ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። 13 ኪሎ ተኩል። ሀጂ ሳቁ። «ሰው ሚዛን የሚቀሽበው ሲሸጥ ነበር። እናንተ ራሳችሁን ነው የምትቀሽቡት?»

10 ከተባሉት ፕሌቶች አንዱ 9፣ አንዱ 11 ሆነ። ሲሚንቶዎቹ ስምንትም የማይሞሉ ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ እውነተኛውን ቁጥር በነጭ ቀለም ጻፍንበት። ግራና ቀኙ እንዳይዛባም ተቀራራቢዎቹን አጣመርናቸው። የልጁ «60» ቤንች ሲሰላ 50 ኪሎ ተኩል ሆነ። ፊቱ ጥቁር አለ። «አብሽር፣ የወረደው ቁጥሩ ነው፤ አንተ ባለህበት ነህ» አልኩት።

የዓመቱ ምስጢርም እዚያው ተገኘ። ጂሙ ውስጥ ያለችው ትንሿ ፕሌት 5 ኪሎ ናት። ግራና ቀኝ ሲገባ 10 ኪሎ ይሆናል። 50 ለሚገፋ ልጅ የ10 ኪሎ ጭማሪ አንድ አምስተኛ ነው። ከአንዱ ልምምድ እስከ ቀጣዩ ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ የሚያድግ ሰው የለም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ 50ን ይገፋል፣ 60ን ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ወደ 50 ይመለሳል። ከዚያ ፕሮግራም ይቀይራል። በአዲሱ ፕሮግራምም ያው 60 ይጠብቀዋል።

መድኃኒቱ ያው ብየዳ ቤቱ ነበር። ሂሳቡን ለሚፈልግ ላስቀምጠው። ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 7.85 ግራም ገደማ ይመዝናል። 10 ሚሊ ውፍረት ካለው ብረት 14 ሳንቲም ተኩል ዲያሜትር ያለው ክብ ይቆረጣል። መሐሉ 3 ሳንቲም ይበሳል። የሚወጣው 1.25 ኪሎ ገደማ ነው። ያንኑ ክብ ከ5 ሚሊ ብረት ከቆረጡት ግማሹ ይሆናል። ከሁለቱም ጥንድ ጥንድ አሠራን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሯ ላይ 2 ኪሎ ተኩል መጨመር ተቻለ፤ ሲከብድ ደግሞ 1 ኪሎ ከሩብ። ብየዳ ቤት በአቅራቢያው የሌለ ሰው አሸዋ መዝኖ በጠንካራ ከረጢት ቋጥሮ ባሩ ላይ በደንብ ማሰር ይችላል። ውሃ የሞላች ሃይላንድ ግን አይመከርም፤ ትወዛወዛለች፣ ሚዛንም ታስታለች።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር ይህንን ይውሰድ እላለሁ። የክፍለ ሀገር ጂም ውስጥ የጀማሪ ትልቁ ጠላት የትንንሽ ፕሌት አለመኖር ነው። ክሬቲን የሚባለው ዱቄት፣ ጓንት፣ ቀበቶ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ደብተሩ

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ። አንደኛው ቀን ስኳት፣ ቤንች፣ ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)። ሌላኛው ቀን ስኳት፣ ቆሞ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት (ፕረስ የምንለው)፣ ጎንበስ ብሎ ባር ወደ ሆድ መሳብ። ሁለቱ ቀናት እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ሁሉም ሦስት ሴት (ሴት የምንለው ሳያርፉ የሚሠራ አንድ ዙር ነው)፣ በሴት አምስት ጊዜ። ዴድሊፍት ወገብ ስለሚያደክም አንድ ከባድ ሴት ይበቃዋል። አምስቱም ድግግሞሽ በሦስቱም ሴት ከተሟላ በሚቀጥለው ልምምድ 2.5 ኪሎ ይጨመራል። ካልተሟላ ያው ክብደት ይደገማል።

ይህ ማንም ትናንት ያመጣው ሐሳብ አይደለም። በ1940ዎቹ ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበት ያስታምም ነበር። የዚያን ጊዜው ልማድ ቀላል ክብደትን ብዙ ጊዜ ማመላለስ ነው። እሱ ግን ከባድ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ አሠራቸው፤ በየጊዜውም እየመዘነ ጨመረላቸው። ውጤቱ ስላማረ ዘዴው ከሆስፒታል ወጥቶ ጂም ገባ።

ልጁ ስኳትን በ35 ኪሎ ጀመረ፤ ሙሉ ወርዶ። ሙሉ ማለት የጭኑ መታጠፊያ ከጉልበቱ አናት ዝቅ ሲል ነው። በጎን በኩል ስልክ በጉልበት ከፍታ አስቀምጠን እንቀርጸዋለን፤ ክርክር የለም። ቤንች በ35፣ ፕረስ በ20፣ ዴድሊፍት በ50። ጂሙ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ባዶ ባር ነው እንዴ የሚሸከመው?» የሚሉም ነበሩ። ባዶ ባር ልትባል ምንም አልቀራት፣ እውነት ነው። ዝቅ ብሎ መጀመር ግን ሁለት ጥቅም አለው። አወራረዱ ሳይበላሽ ይለመዳል። ልጁም ለሳምንታት ሳያቅተው ይጨምራል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያቅተው ለከረመ ሰው ይሄ ራሱ ምግብ ነው።

በደብተሩ ላይ የሚጽፈውን አብረን ወሰንን። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ረቡዕ። ስኳት 47.5፦ 5፣ 5፣ 5። እንቅልፍ 6 ሰዓት። ምሳ የለም። ቀለለኝ።»

ክብደት፣ ድግግሞሽ፣ እንቅልፍ፣ ምሳ፣ ስሜት። እንቅልፍና ምሳን ጻፍ ስለው «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል ጋሼ?» ብሎ አጉረምርሞ ነበር።

72.5 ላይ

ከጥቅምት 2016 መጀመሪያ አንስቶ ስኳቱ በየልምምዱ 2.5 ጨመረ። በአምስት ሳምንት ከ35 ተነስቶ 70 ደረሰ። ክብደቱ ግን 58 ነበር፣ 58 ተኩል ሆነ። ልጁ ግራ ገባው። ጡንቻው ካልጨመረ ጉልበቱ ከየት መጣ?

ከነርቭ ነው የመጣው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት አብላጫው አዲስ ጡንቻ አይደለም። አንጎል ያለውን ጡንቻ በብዛትና በቅንጅት ማዘዝ ይማራል፤ እንቅስቃሴውም ይለመዳል። ለዚህ ብዙ ምግብ አያስፈልግም። ይህ ጭማሪ ግን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ሥጋ ይፈልጋል፤ ሥጋ ደግሞ ከምግብ ነው።

72.5 ላይ ቆመ። የመጀመሪያ ቀን 5፣ 4፣ 3። ቀጥሎ 5፣ 4፣ 4። ሦስተኛው ቀን 4፣ 4፣ 3። ይኼኔ ሐኪሙ በዛ። አንዱ «ስኳት በሳምንት ሦስቴ ጡንቻ ይበላል፤ አንዴ ብቻ ሥራ» አለው። ሌላው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዱቄት በጣሳ ይዞ መጣ። ሦስተኛው በሹክሹክታ ስለ መርፌ አነሳበት። ስለ መርፌው አጭር ነገር ልበል። ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ከውጭ ሲገቡ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል። መካንነትና የልብ ጣጣም አብረው ሊመጡ ይችላሉ። 58 ኪሎ ሆኖ ምሳ የሚዘል ልጅ ሊያስበው የሚገባ ነገር አይደለም።

አንዱ ደግሞ የደሴን ከፍታ ወቀሰ፤ አየሩ ሳስቶ ነው አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ልክ ነው። ልጁ ግን እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ነው። አየሩ ባለፈው ሳምንት አልሳሳበትም።

ደብተሩን ከፈትን። ከመጀመሪያዎቹ 15 ልምምዶች በ9ኙ ላይ «ምሳ የለም» ይላል። ጠረጴዛው ላይ ከሻይና ከፓስቲ በቀር የሚገባ የለም። ማታ እንጀራ በሽሮ። በግምት ስናሰላው ፕሮቲኑ በቀን 50 ግራምም አይሞላም። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይመከራል። ለ58 ኪሎ 93 ግራም ማለት ነው። ግማሹ ጎድሎታል።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ደብተሩ አይናገርም። አንድ ቀን ሳላሳውቀው ዕረፍቱን በስልኬ ያዝኩት። በሴትና በሴት መካከል የሚያርፈው አንድ ደቂቃ ነው። ባሯ አንድ ናት፤ ከኋላው ሦስት ሰው ቆሞ ያየዋል። እሱም ያፍራል፤ ቶሎ ቶሎ ይላል። ጡንቻ ለከባድ ጭነት የሚያወጣው ፈጣን ኃይል ሊሞላ ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። 5፣ 4፣ 3 የሚለው ቁጥር ራሱ ያንን ነው የሚያሳየው። የመጀመሪያው ሴት ሞልቶ ቀጣዮቹ ደረጃ በደረጃ ከወረዱ፣ ዕረፍትን ቀድሞ መጠርጠር ነው።

ዕረፍቱን ለማስተካከል ሰዓት ቀየርን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጂሙ ባዶ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ስለዚህ ማሟሟቂያው ረዘም አለ። ባዶ ባር ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ የቀኑ ክብደት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛው። በከባዶቹ ዙሮች መካከል 4 ደቂቃ። ብቻውን ሲሆን ስኳት እንዳይሠራ ተስማማን። ማስቀመጫው ላይ ባሯን የሚቀበል የደህንነት ብረት የለውም፤ አንድ የሚያግዝ ሰው የግድ ነው። ጓደኛውን ይዞ መምጣት የጀመረው ለዚህ ነው። እሱ ጋ እመለሳለሁ።

ምግቡ ከባድ አልነበረም። ጠዋት ከልምምድ በኋላ ሦስት እንቁላል፦ 18 ግራም ፕሮቲን ገደማ። ማታ ግማሽ ሊትር ወተት፦ 16። ኪሱ ውስጥ 100 ግራም ለውዝ፦ 25 ግራም ፕሮቲን፣ ከ550 ካሎሪ በላይ። ለውዙ ነው ነገሩን የፈታው። ስልክ እየፈታ በአንድ እጁ ይቆረጥማል፤ ምሳ ቢዘለልም ሆዱ ባዶ አይውልም። ሽሮው ሽሮ ሆኖ ቀጠለ፤ መጠኑ ብቻ ጨመረ። እናቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝና «አንተ ልጅ፣ ልጄን ምን አስነካኸው? እንጀራው ከምጣድ ሳይወርድ ነው የሚበላው!» አሉኝ። ቅሬታ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም።

ስኳቱን 10 በመቶ አወረድነው፤ ወደ 65። ከዚያ በየልምምዱ እንደገና 2.5። ታኅሣሥ ገብቶ 72.5ን ሳያውቀው አለፋት። በገናና በጥምቀት የተዘለሉ ቀናት አሉ፤ መብራት ጠፍቶ የቀረም አለ። ጥር አጋማሽ ላይ 90 ደረሰ። ክብደቱ 63። ይኼኔ ሸሚዙ ጠበበው። ስኳት በሳምንት ሦስቴ፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው ባር።

ሁለቱ ጾሞች

መጋቢት 2 ቀን 2016 ሮመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ። ልጁ ሙስሊም ነው። የሚያግዘው ጓደኛው ክርስቲያን ነው። ወሎ ነውና ይሄ ማንንም አይገርምም፤ ከብረት አንጻር ግን ጥሩ አጋጣሚ ሆነልን። ሁለት ሰው፣ አንድ ባር፣ ሁለት ዓይነት ጾም።

ብዙ ልጆች በሮመዳን ጂም ያቆማሉ። የቀሩት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ሁለቱም አያዋጣም ባይ ነኝ። ያቆመው ከኢድ በኋላ ከታች ይጀምራል። የቀጠለው በሁለተኛው ሳምንት ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ይናደዳል፣ ሲናደድ ይጨምራል፣ መጨረሻው ወገብ ነው።

በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት እዚህ ይጠቅማል። ሰዎች ለ16 ሳምንት በሳምንት ሦስቴ ክብደት ሠሩ። ከዚያ ለ32 ሳምንት ሥራው ተቀነሰ። ለአንዳንዶቹ ወደ አንድ ሦስተኛው፣ ለሌሎቹ ወደ አንድ ዘጠነኛው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ወጣቶቹ በአንድ ዘጠነኛው እንኳ ያገኙትን ጉልበትና ጡንቻ ይዘው ቆዩ። በዕድሜ የገፉት ጉልበቱን በአመዛኙ ቢይዙም የጡንቻ መጠን ቀንሷቸዋል። ጥናቱ የተሠራው በጾመኞች ላይ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ የተገኘን ጉልበት ለመያዝ የሚያስፈልገው ሥራ፣ ለማግኘት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው።

የልጁን እቅድ በዚያ ላይ ሠራነው። በየካቲት መጨረሻ ስኳቱ 95 ነበር። በሮመዳን ጭማሪ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ክብደቱ ከ85 እስከ 90፣ ሁለት ሴት፣ በሴት አምስት። ክብደቱን ብዙ ሳንነካ ሥራውን ቀነስን። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ብረቱን ያቀልና ድግግሞሹን ያበዛዋል። ጾም ላይ ላለ ሰው ይህ ላብና ጥም ብቻ ነው።

ሰዓቱ አከራከረን። ከኢፍጣር በኋላ ቢሠራ ውሃም ምግብም አለ፤ ግን ተራዊህ (የሮመዳን የማታ ሶላት) አለ፣ ጂሙም በጊዜ ይዘጋል። ጠዋት ቢሠራ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ሊውል ነው። በመጨረሻ ከመግሪብ በፊት ያለችውን ሰዓት መረጥን። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል። ቤቱ ሲደርስ ተምርና ውሃ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ከዚያ ዋናው ምግብ። ወተቱና እንቁላሉ ወደ ሰሁር ተዛወሩ። አንድ ሕግ ነበረን። ራሱን ካዞረው ብረቱ ይቀመጣል፤ ያ ቀን ተጨርሷል። አንድ ቀን ሆኖበታል፤ ባሯን አስቀምጦ ወጣ፣ እኛም ምንም አላልነውም።

ሚያዝያ 2 ኢድ ሆነ። ሲመዘን ኪሎ ተኩል ቀንሷል። ስኳቱ ግን 90ን ለአምስት እንደያዘ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱም ተመለሰ፤ 95ንም ደገማት። አሁንም ጂሙ ውስጥ «በሮመዳን ምንም አልጨመርክም እኮ፣ ፕሮግራሙ ሞቷል» ያለው ሰው አልጠፋም።

ጓደኛው ጋ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ገና ጀማሪ ነበር፤ ስኳቱ 60ን አላለፈም። ሁዳዴ ከእንስሳት ተዋፅኦ ይከለክላል እንጂ ከሰዓት በኋላ ውሃም ምግብም ይፈቅዳል። ስለዚህ ከሰዓት ሲሠራ ሆዱ ባዶ አይደለም። እሱን ጭማሪ አላስቆምነውም፤ ከየልምምዱ ወደ በየሁለት ልምምዱ ብቻ አዘገየነው። ፕሮቲኑ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ለውዝና በሶ ነበር። 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጥራጥሬ የሚያጥረውን እህል ይሞላዋል፣ እህል የሚያጥረውን ጥራጥሬ። እንጀራ በምስር ወጥ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ይህንን ሠርቶታል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ አንድ ጭልፋ ምስር 90 ግራም ፕሮቲን አያመጣም። ጓደኛው ሚያዝያ 27 ለፋሲካ ሲፈስክ 72.5 ላይ ነበር። ክብደቱ ምንም አልቀነሰም። ከፋሲካ ማግስት ልምምዱ ስለ ዶሮው ብዛት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እንተወው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የጠቀመኝ ለዚህ ነው። «በጾም ስፖርት ይቻላል ወይ?» የሚባለው ጥያቄ ለሁለቱም አንድ መልስ የለውም። አንዱን ስለ ውሃ፣ ሌላውን ስለ ወጥ መጠን ነው መጠየቅ ያለብን።

ፕሮግራሙ ራሱ ሲያልቅ

ግንቦት ላይ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ሲሉ ትንፋሽ ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ይጠብቃል። እዚያ አንድ ጂም ውስጥ እውነተኛ የ20 ኪሎ ባር አለ፤ ፕሌቶቹም የፋብሪካ ናቸው። 100 ኪሎ ጫነ። አምስት ጊዜ ወርዶ ተነሳ። ወዲያው የተናገረው ስለ ሀጂ ሚዛን ነው፦ «አልዋሹንም!»

ከ100 በኋላ ግን እውነተኛው መቆም መጣ። ምሳው አለ። እንቅልፉ 7 ሰዓት ነው። ዕረፍቱ 5 ደቂቃ ነው። ጭማሪው ከጥር ወዲህ በሳምንት አንዴ ሆኗል፤ ወደ 1.25 ኪሎ አሳንሰነዋል። አሁንም አቃተው። የሚፈተሸው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ ተጠርጣሪው ፕሮግራሙ ይሆናል።

ምክንያቱ ለመረዳት ቀላል ነው። 40 ኪሎ የሚያነሳ ጀማሪ ሰኞ ደክሞ እስከ ረቡዕ ያገግማል። 100 የሚያነሳው የሚሸከመው ድካም ከዚያ ይበልጣል፤ ሁለት ቀን አይበቃውም። ስለዚህ ሦስቱም ቀን ከባድ መሆናቸው ቀረ። ሰኞ ብዙ ሥራ፦ ከአርቡ ክብደት 90 በመቶ፣ አምስት ሴት በአምስት። ረቡዕ ቀላል፦ ከሰኞው 80 በመቶ፣ ሁለት ሴት። አርብ አንድ ሴት ብቻ፣ አምስት ድግግሞሽ፣ አዲስ ክብደት። ጭማሪው የአርብ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በዚህ መንገድ 105ን ለአምስት አነሳ። ዴድሊፍት 130፣ ቤንች 65። የራሱ ክብደት 66።

«አንዴ ብቻ ስንት አነሳለሁ?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ለዚህ የተለመደ ቀመር አለ፦ ክብደቱን በድግግሞሹ ማብዛት፣ ለ30 ማካፈል፣ የመጣውን ክብደቱ ላይ መደመር። 105 ለአምስት ከሆነ 122.5 ይሰጣል። ግምት ነው። የደህንነት ብረት በሌለበት ማስቀመጫ ላይ እውነቱን ለማወቅ አልቸኩልም፤ ብየዳ ቤቱ ሁለት የጎን ብረት እንዲሠራልን አዝዘናል፣ ያኔ ይሞክራል።

ያልተፈታው ፕረሱ ነው። 42.5 ላይ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ትንሿ ፕሌት አለች፣ ምግቡ አለ፣ ዕረፍቱ አለ። ፕረስ የሚገፉት ጡንቻዎች ትንንሽ በመሆናቸው ቀድሞ መቆሙ የሚጠበቅ ነው። አሁን የምንሞክረው ይሄ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሴት በሦስት፣ ከበድ አድርጎ፤ ሌላ ቀን ሦስት ሴት በስምንት፣ ቀለል አድርጎ። ከኋላ ደግሞ ባር ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብ ጨምረንበታል። በደብተሩ ላይም አዲስ ዓምድ ገብቷል፦ «ስንት ስልክ ፈታሁ»። ብዙ ስልክ በፈታበት ቀን ፕረሱ የሚወርድ ይመስለኛል። ትከሻው ተጎንብሶ ውሎ ስለሚመጣ ይሆናል። እሱ አይስማማም። ደብተሩ ይፍረደን ተባብለናል።